ኖራ የበላው ጣት

ቀበሌው ሳይከፈት፣ ዘበኛው ሳይነቃ፣
ከካቡ ላይ አሉ፣ ፀሐይን ጥበቃ፤
መታወቂያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣
ላስቲኩን በመሐረብ፣ መሐረቡን በብብት ሸሽገው።
እኔ ነኝ መዝጋቢው።
ቁልፉ በኔ ኪስ ነው፣ ማኅተሙ በኔ እጅ፤
አምና ከኮሌጅ የወጣሁ፣ የአዘዞ ልጅ።

«ቀጥታ ድጋፍ» ይላል የመዝገቡ አናት፤
ጡረታ ለሌለው፣ ጧሪ ለሌላት።
ዕድሜ ልኩን በጣቱ ፈርሞ፣ ቀን በቀን ተቀብሎ ለበላ፣
ጉልበቱ ሲከዳው ስሙ ከአንድም ደብተር ለጠፋ ኋላ።
ብሩ ብዙ አይደለም።
የግፊት ክኒን ይገዛል፣ የሱቁን ዱቤ ያቃልላል፤
ከተረፈ ጨው ነው። ካልተረፈም ያው፣ መጥቷል ይባላል።

ተራ ቁጥር አሥራ አራት፦ አቶ አጣናው ፈንታ።
ሥራ? «ግንበኛ ነበርሁ።» ዕድሜ? ትንሽ ዝምታ፤
«ጣልያን ከዚህ ሲወጣ እድህ ነበር ትል ነበር እናቴ።»
ሰማንያ አምስት ብዬ ጻፍሁ፣ በግምቴ።

አውራ ጣታቸውን ከመስታወቱ ላይ አኖርሁት፤
ማሽኑ ቀይ አበራ። ጠረግሁት፣ በአልኮል ወለወልሁት፤
ቀይ። የግራውን። ቀይ። ሌባ ጣት። ቀይ።
«አባቴ፣ አሻራ የለዎትም ወይ?»

እጃቸውን ገልብጠው አዩት፣ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ፤
መስመር የለው፣ ዙር የለው፣ የቀሃ ጠጠር ነው በቃ።
«ኖራ ነው» አሉኝ። «ኖራ በልቶት ነው ልጄ።
የፋሲልን ግንብ ስጠግን፣ ሠላሳ ዓመት በእጄ፣
ጓንት የሚባል ነገር ለፈረንጁ መሐንዲስ ነበር፤
እኛማ ስንጥቁን በጣት፣ ስንደፍን እስክትጠልቅ ጀንበር።»

ከዚያ ሳቁ፣ በባዶ ድዳቸው፦
«ኖረሃል ወይ ነው የምትለኝ? እኔማ መቼ ኖርሁ፤
ኖራ ነው የኖረው፤ እኔ ስለጥፈው አረጀሁ።
አሁን መግቢያው ቲኬት ሆኗል፤ በር ጠባቂው አዲስ ነው፣ አያውቀኝ፤
‹አባት፣ ከፍለው ነው› ብሎ ከጠገንሁት በር መለሰኝ።
አልተቀየምሁትም። ልጅ ነው። አንተም ልጅ ነህ፣ ታዝዘህ ነው፤
ብቻ ወንበር ካለ ስጠኝ፤ ወገቤን ቁርጠት ያዘው።»

ከኋላ ወይዘሮ ጥጊቱ፣ ተራ ቁጥር አሥራ አምስት፣ ሰምተው፦
«የሆቴል አንሶላ ነው የእኔን ሙልጭ አርጎ የበላው።»

መመሪያው «አሻራ ካልተነበበ ሦስት ምስክር» ይላል።
አቶ አጣናው በዚያው ጣት ይቆጥራሉ፦ «ውበቱ ሞቷል፤
ጫኔ አበራ ጊዮርጊስ ነው፣ ከተኛ ሰባት ዓመት፤
አዱኛም ከርብራብ ወድቆ በዚያው ቀረ፣ በልጅነት።»

አንደኛውን ዘበኛው ፈረመ።
ሁለተኛ ወይዘሮ ጥጊቱ፤ ጣታቸው ከወረቀቱ ላይ ከረመ፤
ሲያነሡት ሰማያዊ ደመና ነው፣ መስመር የሌለው፣ ዝም ያለ።
ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። በመስኮቴ በኩል ግንቡ ቆሞ አለ፤
እሱ ያውቃቸው ነበር፤ የአውራ ጣታቸው ጉድጓድ ከኖራው ላይ ስንቱ ቀርቷል።
ድንጋይ ግን ቀበሌ አይመጣም፤ ኃላፊውም ሰው አምጡ ብለዋል።

«ሐሙስ ልምጣ፣ ወይስ ዓርብ?» አሉኝ፣ ምርኩዛቸውን ፈልገው።
«ሐሙስ» አልሁ ቶሎ፣ ዓይኔን ከማሽኑ ሳላነሣው።
ወጡ፤ ደረጃውን በምርኩዝ እየዳሰሱ፣ አንድ፣ ሁለት፤
ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ፦
ሐሙስ እኮ የእኛ ሰፈር ነው፣ የመብራት መጥፊያው ዕለት።